ኪሎ ሜትሩ ሌላ፣ ሰዓቱ ሌላ፦ ረጅም በረራ ስትመርጡ ምኑን ታያላችሁ?

ከለንደን ወደ ሲድኒ ልትሄዱ ነው እንበል። የትኬት መፈለጊያ ከፍታችሁ መነሻና መድረሻ አስገባችሁ። አንዱ አማራጭ በሲንጋፖር በኩል ነው፣ 23 ሰዓት ይላል። ሌላው በዱባይ ነው፣ 25 ሰዓት። ወረድ ስትሉ በሎስ አንጀለስ በኩል የሚዞር አለ፣ 32 ሰዓት። መነሻው ያው፣ መድረሻው ያው። ታዲያ ዘጠኙን ሰዓት ማን በላው?

አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጠረጥረው መንገዱን ነው። በሐሳባችን ካርታ ዘርግተን "ይሄማ ይዞራል" ብለን እንሰርዘዋለን። እኔም ለዓመታት የምመርጠው እንደዚያ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ኪሎ ሜትሩን ስደምር ግን እንዳሰብኩት አልሆነም።

ከለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት እስከ ሲድኒ በአጭሩ መንገድ 17,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሲንጋፖር በኩል ሲኬድ መጀመሪያ 10,900 ከዚያ 6,300፣ በድምሩ 17,200 ይሆናል። ልዩነቱ 200 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አውሮፕላን ይህንን ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። በዱባይ በኩል 5,500 እና 12,050 ነው፤ 17,550 ይመጣል። ትርፉ አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። በፐርዝ በኩል 14,500 እና 3,300፣ ማለትም 17,800። ይሄም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በእውነት የሚዞረው የሎስ አንጀለሱ ብቻ ነው። 8,800 ሲደመር 12,050 ወደ 20,850 ይጠጋል። እዚያ ላይ አራት ሰዓት ተኩል ያህል አየር ላይ ይጨመርባችኋል።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው አስሉት። ትራንዚት ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ የመብረር ያህል ነው። ስለዚህ "የማይዞር" ከተማ መርጣችሁ እዚያ አምስት ሰዓት ከምትቀመጡ፣ ሺህ ኪሎ ሜትር ዞራችሁ ሰዓት ተኩል ብትቆዩ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። ካርታ ላይ ዞሮ የሚታየውን ሁሉ ቶሎ አትሰርዙት። መጀመሪያ ቆይታውን እዩ።

ርቀቱ የሚለካው በክር ነው

"አጭሩ መንገድ" ስል ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረውን ማለቴ አይደለም። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ካርታ ክብ የሆነውን ነገር ለጥጦ ያሳያል። ወደ ዋልታዎቹ በቀረበ ቁጥር ይለጠጣል። ግሪንላንድ አፍሪካን አክላ የምትታየው ለዚህ ነው፤ እውነቱ ግን አፍሪካ ከእሷ 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣለች።

ሉል ካላችሁ ክር አምጡ። አንዱን ጫፍ ዱባይ ላይ፣ ሌላውን ሎስ አንጀለስ ላይ ይዛችሁ ወጥሩት። ክሩ አትላንቲክን አያቋርጥም። ሽቅብ ወጥቶ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያልፋል። ርቀቱ 13,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የተወጠረ ክር ታላቁ ክብ በሚባለው መስመር ላይ ያርፋል። የርቀት ማስሊያ ገጾች ሁሉ የሚሰጧችሁ ቁጥር ይህ ነው። ከቶኪዮ ኒውዮርክ የሚሄድ ሰውም ፓስፊክን መሃል ለመሃል አቋርጣለሁ ብሎ መስኮት ዳር ይቀመጥና አላስካን አይቶ ይገረማል።

መሬት ዙሪያዋ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በዚህች ዓለም ላይ ሁለት ቦታዎች ሊራራቁ የሚችሉት ቢበዛ 20,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላው ጎን ዞራችሁ መምጣት ጀምራችኋል ማለት ነው። ማስሊያው ከ20,000 በላይ ከሰጣችሁ ወይ ትራንዚቱን ደምሮታል፣ ወይ ስህተት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እግረ መንገዴን ልበል። ማስሊያዎቹ ሦስት ዓይነት መለኪያ ይቀላቅላሉ፦ ኪሎ ሜትር፣ ማይልና የባሕር ማይል። ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። የባሕር ማይል ደግሞ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብራሪዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። አንዱን አማራጭ በማይል ሌላውን በባሕር ማይል አንብቦ "ይሄኛው ያጥራል" ያለ ሰው አውቃለሁ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሰዓቱን በጣት ማስላት

ትልልቆቹ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች፣ ቦይንግ 787 ሆነ ኤርባስ ኤ350፣ ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። ግን ከመነሻው ጌት (የመሳፈሪያ በር) እስከ መድረሻው ጌት ሙሉውን በ900 አይሄዱም። መንደርደሪያው ድረስ መሬት ለመሬት መጓዝ አለ። ወረፋ አለ። መውጣትና መውረድ አለ።

እኔ የምጠቀመው ቀላል ሒሳብ አለ። ርቀቱን ለ850 አካፍሉ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ከለንደን ሲንጋፖር 10,900 ለ850 ሲካፈል 12.8 ይመጣል። ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። እውነተኛው ፕሮግራምም እዚያው አካባቢ ነው። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ ያለው 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ ወደ 18 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። የሲንጋፖር አየር መንገድ በዚህ መስመር የሚያስበው ጊዜም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የዚህ ሒሳብ ጥቅሙ ትክክለኛ መሆኑ ላይ አይደለም። ጥቅሙ የቀረበላችሁን ሰዓት መፈተኛ መሆኑ ነው። ሒሳቡ 10 ሰዓት ብሎ ትኬቱ 13 ካለ፣ መሃል ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ወይ የተደበቀ ማረፊያ አለ፣ ወይ አውሮፕላኑ የማያልፍበት ሰማይ አለ፣ ወይ ነፋስ ነው።

ነፋሱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ የአየር ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይባላል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴ ከ300ም ያልፋል። በብርዱ ወራት ይበረታል። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ አውሮፕላን ወንዙ ውስጥ ገብቶ ይገፋል። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ከፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፣ ወይም ሊሸሸው ዞር ይላል።

ከኒውዮርክ ለንደን 5,540 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ለንደን ስትሄዱ ሰባት ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ይፈጃል። ስትመለሱ ግን ወደ ስምንት ይጠጋል። በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ሲያራ የተባለው ማዕበል ጄት ስትሪሙን አበርትቶት ነበር። አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ይህንኑ መንገድ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ጨረሰው። መሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። ያም ሆኖ የድምፅን ፍጥነት አልሰበረም፤ አየሩ ራሱ ተሸክሞት ስለሚሄድ በአየሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት ያው የተለመደው ነው። ፊታችሁ ያለው ስክሪን 1,100 ካላችሁ አብራሪው ስለቸኮለ አይደለም። ወራጅ ውሃ ላይ እንደመዋኘት ነው።

መንገዱ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱም ይሰፋል። በሳን ፍራንሲስኮና በሲንጋፖር መካከል 13,600 ኪሎ ሜትር አለ። ወደ ሲንጋፖር ሲኬድ 17 ሰዓት ገደማ ነው፤ መመለሻው 15 አካባቢ። በዶሃና በኦክላንድ መካከልም 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሄዳችሁ 16 ሰዓት፣ ተመልሳችሁ 17 ከግማሽ። ስለዚህ ደርሶ መልስ ስትገዙ የሄዳችሁበትን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። መሄጃው ላይ ሳይቆም የሚሄደውን፣ መመለሻው ላይ በትራንዚት ያለውን መምረጥ አንዳንዴ የበለጠ ያስኬዳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሲንጋፖርና የኒውዮርኩ መስመር ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚወጠረው ክር በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያልፋል። ስለዚህ በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ በኩል ብትሄዱ ርቀቱ ብዙም አይለያይም። አየር መንገዱ የሚመርጠው በነፋሱ ነው። ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በፓስፊክ በኩል ነው። ሲመለስ ደግሞ በአትላንቲክና በአውሮፓ በኩል። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ምሥራቅ እየበረረ፣ ነፋሱን ከኋላው እያደረገ። ደርሶ መልስ የሄደ መንገደኛ ዓለምን ዞሮ ገባ ማለት ነው።

የተዘጋ ሰማይና ስስ አየር

ክሩ የሚያሳየው መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 7,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኛ ሒሳብ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አካባቢ ይሰጣል፣ ቀድሞም እንደዚያው ነበር። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ሩሲያ የአየር ክልሏን ለአውሮፓ አየር መንገዶች ስለዘጋች ፊንኤር 13 ሰዓት ያህል ይበርራል። አንዳንዴም የሰሜን ዋልታን ተሻግሮ። የቻይና አየር መንገዶች ግን አሁንም በሩሲያ ላይ ያልፋሉ። ስለዚህ ከአውሮፓ ወደ ምሥራቅ እስያ ስትሄዱ ሁለት አየር መንገዶች በአንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ በአንድ መነሻና መድረሻ፣ ሰፊ የሰዓት ልዩነት ሊያሳዩዋችሁ ይችላሉ። የርቀት ማስሊያው ይህንን አያውቅም።

ሌላው ከፍታ ነው። የሜክሲኮ ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,230 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል። አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። በዚህ ምክንያት የቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል ሜክሲኮ ሲቲ ሳይቆም ይደርሳል። ሲመለስ ግን በባሕር ጠረፍ ያለችው የሜክሲኮ ከተማ ካንኩን ላይ አርፎ ነው። ወደዚያ ስትሄዱ የወደዳችሁት በረራ ስትመለሱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

"ቀጥታ" የሚለው ቃል

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ወጥመድ አለ። ቀጥታ በረራ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ሳይቆም የሚሄደው ነው። በአየር መንገዶች ቋንቋ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። አንድ የበረራ ቁጥር ይዞ መሃል ላይ የሚያርፍም "ቀጥታ" ሊባል ይችላል። ነዳጅ ይሞላል፣ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ያሳፍራል። እናንተ መቀመጫችሁ ላይ ትቆያላችሁ፣ ወይም ወርዳችሁ ትመለሳላችሁ። ትኬቱ ላይ "0 ማረፊያ" ወይም "ያለማቋረጥ" የሚል መኖሩን አረጋግጡ። ካልገባችሁ ያንን የግማሽ ሰዓት ሒሳብ አውጡና ፈትኑት።

ያም ሆኖ እንዲህ ያለው በረራ ከትራንዚት ይሻላል። አውሮፕላኑ ጥሏችሁ አይሄድም። ሻንጣችሁም አብሯችሁ ነው።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ

የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር ነው፣ የመድረሻው በመድረሻው አገር። ሁለቱን ቀንሶ "የበረራው ጊዜ" ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ሁለቱንም ወደ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) መልሱና ቀንሱ።

ለምሳሌ ከኦክላንድ ማክሰኞ 20:00 ተነሥታችሁ ሎስ አንጀለስ ማክሰኞ 11:00 ትደርሳላችሁ እንበል። ከመነሳታችሁ ዘጠኝ ሰዓት ቀድማችሁ ደረሳችሁ! በኒውዚላንድ የበጋ ወራት ኦክላንድ ከዩቲሲ 13 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሎስ አንጀለስ ደግሞ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት። ስለዚህ የተነሣችሁት በዩቲሲ 07:00 ነው፣ የደረሳችሁት 19:00። በረራው 12 ሰዓት ነው። ስትመለሱ ደግሞ የቀን መስመሩ ያበደራችሁን ይወስዳል፤ አንድ ሙሉ ቀን ከካላንደር ላይ ትዘላላችሁ። ሆቴል የምትይዙ ከሆነ ከትኬቱ ጎን ያለችውን ትንሿን "+1" ወይም "+2" አትለፏት።

ደግሞም ትኬት ላይ የተጻፈው ከጌት እስከ ጌት ነው። አየር መንገዶች ለወረፋና ለነፋስ መጠባበቂያ ይጨምሩበታል። "ሃያ ደቂቃ ቀድመን ደረስን" ሲባል ብዙ ጊዜ ያቺ መጠባበቂያ ሳትነካ ተርፋ ነው።

ትራንዚት ስንት ይሁን?

አንድ ጊዜ የ55 ደቂቃ ትራንዚት ገዛሁ። ጠቅላላው ሰዓት ከሁሉ አጭር ስለነበር ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ሃያ ደቂቃ ዘገየ። ካረፍን በኋላ ጌት አልተሰጠንም፤ ደረጃ ቀርቦ ወረድንና አውቶቡስ ጠበቅን። ከዚያ እንደገና ፍተሻ። ቀበቶ ፍታ፣ ላፕቶፕ አውጣ። ፊቴ ያለው ሰውዬ ጠርሙሱን ከቦርሳው አላወጣም ነበርና ቦርሳው ተመልሶ ታየ። ላብ በላብ ሆኜ ጌቱ ጋ ስደርስ አውሮፕላኑ በመስታወቱ ማዶ ቆሟል። መብራቱ እየበራ ነው። በሩ ግን ተዘግቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለማትረፍ ባሰብኳት ሁለት ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ወንበር ላይ አደርኩ።

ጌት ብዙ ጊዜ ከመነሻው ሰዓት 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ 55 ደቂቃ ማለት እውነተኛው 35 ነው። ኤርፖርቶች ሁሉ የተወሰነ ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ አላቸው፤ አየር መንገዶች ከዚያ በታች አይሸጡም። ግን "ይቻላል" እና "ያለ ጭንቀት ይቻላል" የተለያዩ ናቸው። ለእኔ ከሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ምቹ ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ያለው ደግሞ መጥፎው ክልል ነው፤ ለመተኛት ያንሳል፣ ቁጭ ለማለት ይበዛል። ከስምንት በላይ ከሆነ ቪዛ ካላችሁ ወጥታችሁ ተኙ።

ሁሉም ነገር በአንድ ትኬት ይሁን። ያኔ ያመለጣችሁን አየር መንገዱ በሚቀጥለው ይተካዋል፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እኔን ያተረፈኝ እሱ ነው። ሁለት ለየብቻ የተገዙ ትኬቶች ከሆኑ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም። ሻንጣ ተቀብላችሁ፣ ወጥታችሁ፣ እንደ አዲስ ትገባላችሁ። ለዚህ አራት ሰዓት እንኳ አይበዛም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 261/2004 የሚባለው የመንገደኞች መብት ደንብ አለ። በረራ ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ የሚከፈለው ካሳ መጠን በርቀት ይወሰናል። በአንድ ትኬት በትራንዚት ለሄደ ሰው ርቀቱ የሚለካው ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው መድረሻ በዚያው በተወጠረው ክር ነው። የዞራችሁት አይቆጠርላችሁም።

የትራንዚት ቪዛም አለ። አንዳንድ አገሮች ከኤርፖርቱ ሳትወጡም ይጠይቃሉ። አሜሪካ ደግሞ ለማለፍ ብቻ የመጣውንም መንገደኛ በኢሚግሬሽን ታስገባዋለች። ቪዛ ወይም ኢስታ (በኢንተርኔት የሚወሰድ የጉዞ ፈቃድ) ያስፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ ሻንጣም ተቀብሎ እንደገና ማስገባት አለ። የሎስ አንጀለሱ አማራጭ ያን ያህል የሚረዝመው በኪሎ ሜትሩ ብቻ እንዳልሆነ አሁን ይታያችኋል።

ሳይቆም ወይስ ከፋፍሎ?

በረራው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከሆነ ብዙ አታስቡ። ሳይቆም የሚሄደው ካለ እሱን ያዙ። አንድ ማረፊያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጨምርባችኋል፤ ከጉዞው ሩቡን ማለት ነው።

ከ15 ሰዓት በላይ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ቃንታስ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፐርዝ ለንደን በ787 ሳያርፍ ይበርራል፣ 14,500 ኪሎ ሜትር፣ 17 ሰዓት ገደማ። በ2019 ደግሞ መንገደኞቹ ጥቂት በሆኑበት የሙከራ በረራ ከኒውዮርክ ሲድኒ በ19 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ገብቷል። ሲንጋፖሮች በኒውዮርኩ መስመር ላይ የሚያበሩት ኤ350 161 መቀመጫ ብቻ ነው ያለው። ኢኮኖሚ የሚባል ክፍል የለውም። ለዚያ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ከባድ ነው፤ ነዳጁን ለመሸከም ራሱ ነዳጅ ይቃጠላል። ስለዚህ ሰው መቀነስ አለበት።

እንግዲህ 17 ሰዓት በጠባቧ የኢኮኖሚ ወንበር፣ መሃል ላይ ተጣብቃችሁ፣ ግራና ቀኝ ሰው ተኝቶባችሁ። አየሩ ደረቅ ነው፤ የእርጥበት መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል፤ ቀድሞ ያጋጠመው ሰው ሐኪሙን ማማከር አለበት። ወገቡን የሚያመው፣ እግሩ የሚያብጥበት፣ ከተቀመጠ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው መሃል ላይ ሁለት ሰዓት ቢራመድ አልከሰረም። ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ግን የምመክረው ተቃራኒውን ነው። የተኛን ሕፃን ቀስቅሶ፣ ጋሪ ፈልጎ፣ ፍተሻ ተሰልፎ፣ እንደገና ማስተኛት ከአምስት ሰዓት በረራ ይበልጣል። ሳይቆም የሚሄደውን ውሰዱ።

የምታርፉበት ቦታም ልዩነት አለው። በሲንጋፖር ሲሆን 13 ሰዓትና 8 ሰዓት ገደማ ነው። በዱባይ 7 እና 14። በፐርዝ 17 እና 4። እኔ የማየው ረጅሙ ክፍል ሌሊት ላይ ይወድቅ እንደሆነ ነው። 7 እና 7 ተደርጎ እኩል የተከፈለ ጉዞ ጥሩ ይመስላል። ግን እራት በልታችሁ ዓይናችሁን ከድናችሁ ሳትጠግቡ "ቀበቶ እሰሩ" ይባላል። 13 ሰዓት በአንድ ጊዜ ስምንት ሰዓት ያስተኛል።

አውሮፕላኑንም እዩ። በቆዩት አውሮፕላኖች ውስጥ የአየር ግፊቱ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመቀመጥ ሊሆን ይችላል። በ787 እና በኤ350 ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል። ስትወርዱ ራስ ምታቱ ይቀንሳል። ሁለት አማራጭ በሰዓት ከተቀራረቡ እኔ በዚህ ነው የምለያቸው።

የሰዓት ለውጡስ? ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚላመደው፤ ወደ ምሥራቅ ሲሆን ደግሞ ይከብደዋል። ለንደንና ሲድኒ አሥር ሰዓት ገደማ ይለያያሉ። ስለዚህ ሁለት ሰዓት አሳጥሬ ልግባ ብሎ ራስን መጉዳት ትርጉም የለውም። ይልቅ ወደ ማታ የሚያደርሳችሁን ምረጡ። ጠዋት ገና ሲነጋ ደርሶ ቀኑን ሙሉ እያንቀላፉ መዋል ከባድ ነው።

በመጨረሻ ከተማዋ ስንት ኤርፖርት እንዳላት ተመልከቱ። ቶኪዮ ሁለት አላት። ሃኔዳ ከመሃል ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ናሪታ ከ60 ይበልጣል። በአንዱ አርፎ በሌላው የሚነሳ ትራንዚት የሸጡላችሁ እንደሆነ የአየሩን ኪሎ ሜትር ተዉት፣ የባቡሩን ጠይቁ።

ወደ ለንደንና ሲድኒ ልመለስ። ብቻዬን ብሆን ረፋድ ላይ ከለንደን ተነሥቶ በሲንጋፖር ሁለት ሰዓት ቆይቶ ማታ ሲድኒ የሚገባውን እወስዳለሁ። ለእሱ ስል የዱባዩን ትንሽ የቀለለ ዋጋ እተዋለሁ። የሲንጋፖሩ ትራንዚት ስድስት ሰዓት ከሆነና የዱባዩ ሁለት ከሆነ ደግሞ ያለ ማንገራገር በዱባይ እሄዳለሁ። ሕፃን ካቀፍኩ የፐርዙ፤ 17 ሰዓቱን እየተቀያየርን እንይዘዋለን። የሎስ አንጀለሱን እዚያ የማየው ሰው ካለኝ ብቻ።